የሹራብ ማሽኑን ቋንቋ ስማር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ታሪኬን የሚፈልገው እስከ ሱዳን ድረስ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ከማዘጋጃ ቤት የተላከች ልጅ ድምፅ መቅጃዋን ይዛ እስራኤል አገር፣ ሮቫ ዩድ-አሌፍ በሚባለው የአሽዶድ ሠፈር ካለው ቤቴ መጣች። «እማማ ዘነበች፣ ስለ ጉዞው ያጫውቱኝ» አለችኝ። አጫወትኳት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ካምፑ፣ ስለ ውሃ ጥሙ ነገርኳት። ስጨርስ፣ እዚህ ከገባሁ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን ሥራስ አትቀጂም ወይ ብላት ሰዓቷን አየችና ሌላ ቀን እመለሳለሁ አለች። አልተመለሰችም።

ተናደድኩ። በረሃውን የተሻገርኩት አንድ ጊዜ ነው፤ አለቀ። ከጃፓንኛ ጋር ግን ስጣላና ስታረቅ ፀጉሬ ሸብቷል። የሹራብ ማሽን መካኒክ ነበርኩ። ማሽኖቹ ጃፓን የተሠሩ ነበሩ፤ መጽሐፋቸውም በጃፓንኛ ብቻ የተጻፈ ነበር። እንግዲህ ጠያቂ እስኪመጣ አልጠብቅም፤ ራሴው እጽፈዋለሁ።

አሽዶድ እንደገባን የመጀመሪያ ሥራዬ ብርቱካን መለየት ነበር፤ የበሰበሰውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ። ቀጥሎ የትምህርት ቤት ወለል ወለወልኩ። ማታ ማታ ኡልፓን ከሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ዕብራይስጥ ስማር ከረምኩና፣ ጥቂት መናገር ስችል በኢንዱስትሪው ሠፈር ያለ አንድ የሹራብ ፋብሪካ ተቀበለኝ። ሥራዬ በማሽኖቹ መካከል እየተመላለሱ የተበጠሰ ክር መቋጠር ነው። ከጎኔ ወርቂቱ የምትባል የወገራ ልጅ ነበረች። በማሽኑ ጩኸት መነጋገር ስለማይቻል በእጅ እንግባባለን፤ ሳቃችን እንኳ በምልክት ነበር።

የፋብሪካው መካኒክ ያሻ ይባላል፤ ከጆርጂያ የመጣ ትልቅ ሰው ነው። ዕብራይስጡ ከእኔ የባሰ ነበር፤ ቁጣው ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አንድ ቀን ብሎን ማሽኑ ሆድ ውስጥ ወደቀበት። የእሱ እጅ እንደ አካፋ ሰፊ ስለነበር አልገባለት አለ። ዞር ዞር ብሎ እኔን አየና ጠራኝ፤ እጄን ገልብጦ ተመለከተና «ግቢ» አለኝ። ብሎኑን አወጣሁለት። በማግስቱም ጠራኝ። ከዚያ አለቆቹን ለምኖ ይሁን ተጣልቶ አላውቅም፣ ከክር ቋጣሪነት ወደ እሱ ጠረጴዛ አዛወሩኝ። ደሞዜ ትንሽ ከፍ አለ፤ የምሰማው ስድብ ደግሞ ብዙ ከፍ አለ።

ያሻ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት እየሠራ ባለው ማሽን ክዳን ላይ መዳፉን ዘርግቶ ይቆማል። የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ እናት ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። መጀመሪያ የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ማሽኑ በየትኛው በኩል እንደሚንገጫገጭ እያዳመጠ መሆኑ የገባኝ። ማሽኑን ሲከፍት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል። የሚፈታውን ብሎን ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል፤ ሲመልስ ከቀኝ ወደ ግራ እየለቀመ ይመልሳል። አንድ ሰው ጠረጴዛውን ገጭቶ ድርድሩን ከበተነበት ያን ቀን ፋብሪካው ሰላም አይውልም።

መርፌ መለወጥ ያስተማረኝም እሱ ነው። የሹራብ ማሽን መርፌ ጫፏ መንጠቆ ነው፤ መንጠቆው ሥር የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ምላስ አለች። መርፌዎቹን አንቆ የያዘውን ስስ ብረት ቀስ አድርገሽ ትስቢያለሽ፤ የታመመችውን መርፌ ታነሻለሽ፤ አዲሲቱን ከማስገባትሽ በፊት ምላሷን በጣትሽ ጫፍ ትነኪያታለሽ። ምላሷ በራሷ ክብደት ካልወደቀች አታስገቢያት። ዓይን አይቶ የሚያልፈውን ጣት አያልፈውም ይለኝ ነበር።

ከሁሉም የከበደኝ የመጽሐፍ ልማዱ ነው። አንድ ገጽ ያነብና መጽሐፉን ይዘጋል። ከዚያ ያነበበውን በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጡ ለእኔ ይነግረኛል። መናገር ካልቻለ አልገባኝም ብሎ እንደገና ይከፍታል። እኔንም እንዲሁ ያደርገኛል። «በአፍሽ ያልዞረ በእጅሽ አይዞርም» የሚላት ነገር ነበረችው። ማሽን ቆሞ፣ ሥራ አስኪያጁ እየጮኸ፣ እኛ ሁለታችን ተቀምጠን ያነበብነውን ስንነጋገር ማየት ለሌላው ሰው እብደት ነበር። ለእኔም አንዳንዴ እብደት ነበር።

የፋብሪካው ባለቤት ሽማግሌው ሲደክሙ ልጃቸው ኤያል ተረከበው። ኤያል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ችኩል ነው። በመጣ በጥቂት ጊዜ ባሕር ማዶ ከተዘጋ ፋብሪካ ያገለገሉ የጃፓን ማሽኖች ገዛ። ማሽኖቹስ እውነትም ድንቅ ናቸው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ድርና ማግ ሲያገናኝ ያየሁ ልጅ ነኝና ነገሩ ይገባኛል። እነዚህ ግን እጅጌውን፣ አንገቱን፣ ሁሉን በኮምፒዩተር እየቆጠሩ ራሳቸው ይሠራሉ። ድምፃቸውም ለስላሳ ነው። ችግሩ ሲቆሙ ነው። ሲቆሙ በትንሿ መስኮታቸው ላይ ምን እንደሆኑ ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን በጃፓንኛ ነው። ከማሽኖቹ ጋር የመጡት ወፋፍራም መጻሕፍትም በጃፓንኛ ናቸው። ሻጩ የእንግሊዝኛው ይከተላል ብሎ ነበር። እስከ ዛሬ እየተከተለ ነው።

ኤያል ስልኩን አወጣና ትርጉም ድሮ ቀረ፣ ስልኩን መስኮቷ ላይ መደገን ነው አለን። ደገነ። ስልኩ «የሚታጠፍ መርፌ» ብሎ አነበበ። እንግዲህ የታጠፈ መርፌ ፈልጉ ተባልን። ከነዚያ ሁሉ መርፌዎች መካከል የታጠፈ ስንፈልግ ዋልን፤ ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው። ያሻ ትዕግሥቱ አልቆ መፍቻውን ወረወረ። ለካ በእነሱ ጽሕፈት መታጠፍም መሰበርም በአንድ ምልክት ነው የሚጻፉት። የአንዲት መርፌ መንጠቆ ተሰብሮ ወድቆ ነበር፤ ከላይ ሲታይ ግን ደህና ትመስላለች።

በዚያ ቀን ያሻ ጨርቁን እያጠፈ፣ ይህን ቋንቋ አንቺ ተማሪው አለኝ። ሳቅሁ። ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ ዕብራይስጡንም በስንት መከራ ነው የያዝኩት። እሱ ግን አልሳቀም። አንድ ቋንቋ ትቶ ወደ ሌላ የተሻገረ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ኤያል ትዕግሥት የለውም፣ የቀረሽ አንቺ ነሽ አለኝ።

ልጄ ሚካል ቴል አቪቭ ካለ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ለዕብራይስጥ ተናጋሪ የተዘጋጀ የጃፓንኛ መማሪያ አገኘችልኝ። የመጀመሪያው ባለቤቱ እስከ ሦስተኛው ትምህርት ድረስ በእርሳስ ጽፎበታል፤ ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ነው። ሦስተኛው ትምህርት ላይ ስደርስ ለምን እንደሸሸ ገባኝ።

መጀመሪያውስ ደስ ይላል። ፊደላቸው «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ» እያለ ነው የሚሄደው። ሀሁ ለቆጠረ ሰው ይህ ምኑ ከባድ ነው? ዕብራይስጥ አናባቢውን ደብቆ ገምቺ ይልሻል፤ ጃፓንኛ እንደ እኛው ድምፁን ሙሉውን ይሰጥሻል። ግሡም እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ታናካ ምሳውን በላ» ለማለት ቃሉን ሳላፋልስ አንድ በአንድ እተካለሁ፤ «ምሳውን» ላይ ያለችው «ን» እንኳ ተመሳሳይ አላት። በዕብራይስጥ ስንት ዓመት አረፍተ ነገር ገልብጬ ስናገር የኖርኩ ሴት፣ ጃፓን ደርሼ እንደ ጎንደር ልናገር ነው ብዬ አውቶቡስ ውስጥ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ከዚያ ጣጣው መጣ። ያን ፊደል ስትጨርሺ፣ ለዚያው ድምፅ ሌላ ፊደል አለ ይሉሻል። ለምን? ለባዕድ ቃል። እሱን ስትጨርሺ ከቻይና የመጣ የሥዕል መዓት አለ፤ አንዱ ሥዕል ብቻውን ሲሆን አንድ ይነበባል፣ ከሌላ ሲጣመር ሌላ ይነበባል። ቆጠራው ደግሞ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለሽ አትቆጥሪም፤ ዕቃው ስስ ነው ወይስ ቀጭን ረጅም፣ እንስሳ ነው ወይስ ሰው እየተባለ ነው። መርፌ ቀጭንና ረጅም ናት፤ አንድ መርፌ «ኢፖን»፣ ሁለት «ኒሆን»፣ ሦስት «ሳምቦን»። አንዲቱ ቃል በየቁጥሩ ድምፅዋን ትለውጣለች። አንድ ሌሊት በሕልሜ መርፌ ስቆጥር አድሬ ጠዋት ደክሞኝ ነው የተነሣሁት።

መጽሐፉ ራሱም ያበሽቃል። ታናካ የሚባል ሰው አለ። ታናካ ባንክ ይሄዳል። ታናካ ጃንጥላው ይጠፋበታል። ታናካ እሑድ ቴኒስ ይጫወታል። እኔ ደግሞ የሚያስፈልገኝ መርፌ፣ ክር፣ ዘይት፣ ጥርስ፣ ቀበቶ ነው። አንዱም የለም። ታናካ በሕይወቱ ማሽን ነክቶ አያውቅም። ስለዚህ የመጽሐፉን አገባብ ከታናካ፣ የሥራውን ቃል ከማሽኑ መጽሐፍ እያገጣጠምኩ መማር ነበረብኝ።

ሠፈር ውስጥ መሳቂያ ሆንኩ። ጎረቤታችን ጋሼ ታምራት አውቶቡስ ውስጥ መጽሐፉን አይተው ምንድን ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ቆይተው ቆይተው «ዕብራይስጡን ጨረስሽው ማለት ነው?» አሉኝ።

ያም ሆኖ ነገሩ ገባኝ ስል የሚያስደስት ነገር አገኘሁ። ከሥዕሎቹ መካከል በስተግራ ጎናቸው የክር ምልክት የተለጠፈባቸው አሉ። «መሥፋት» ክር አለበት፤ «መሸመን» ክር አለበት፤ «ማሰር»፣ «ቀጭን»፣ «ማለቅ» ሳይቀር ክር አለባቸው። ይህን ያወጣው ሰው እንደ አባቴ ሸማኔ መሆን አለበት። ለያሻ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የማሽኑን መጽሐፍ አምጥቶ ክር ያለበትን ሥዕል ሁሉ በጣቱ ያሳየኝ ጀመር፤ እኔም ያወቅሁትን እነግረዋለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ማሽኑ ሲቆም መስኮቷን አንብቤ «ኢቶጊሬ፣ ክር ተቆርጧል» ወይም «መርፌ ተሰብሯል» ማለት ቻልኩ። ኤያል «ጃፓናዊቷ» ይለኝ ጀመር። ማሞገሱ ይሁን ማሾፉ አልለየሁትም።

አሁን የማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ማሽኖቹ አርጅተው የኮምፒዩተር ሰሌዳቸው አንድ አንድ እያለ ይቃጠል ጀመር። ሰሌዳ ማለት ትእዛዙን ሁሉ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ክፍል ነው፤ እሱ ከሞተ ማሽኑ ብረት ብቻ ነው። በዚሁ ጊዜ የማሽኖቹ ሠሪዎች ሞሪ የሚባል ባለሙያ ሌላ አገር ደርሶ ሲመለስ በእኛም በኩል እንዲያልፍ ላኩት። እንግሊዝኛው ትንሽ ስለነበር ኤያል እኔን ጠራኝ። ቀሚሴን ተኩሼ፣ ሰላምታውን ሳምንት ሙሉ አፌ ላይ ሳዞር ሰንብቼ ሄድኩ። ሞሪ ሰላምታዬን ሲሰማ ተደሰተ፤ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ። በአክብሮት ሲያናግረኝ ግሡን ሁሉ ለወጠው፤ እኛ ለትልቅ ሰው አንቱ እንደምንለው። ያን ቀን ልቤ አብጦ ነበር፤ ምን ልደብቅ።

ኤያል ትልቅ የክረምት ሥራ ሊቀበል አስቦ ኖሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ለእነዚህ አሮጌ ማሽኖች የሰሌዳ መለወጫ መላካችሁን ትቀጥላላችሁ ወይ? ጠየቅሁለት። ሞሪ አንገቱን ዘመም አደረገ። በጥርሱ መካከል አየር ሳበ። «ሙዙካሺይ ዴስ ኔ» አለ። ይህን ዐውቀዋለሁ፤ «ይከብዳል» ነው። ቀጥሎ «ኬንቶ ሺማስ» አለ። ይህንንም ዐውቀዋለሁ፤ «እንመረምረዋለን» ነው። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ይመረምሩታል አልኩት። ኤያል እጁን አፋተገ።

ያሻ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስንወጣ ጠጋ አለኝና በዝግታ «ፊቱን አየሽው? ይህ ሰው የሚሰጥ ሰው ፊት የለውም» አለኝ።

«ያለውን ነው የተናገርኩት፤ ቃሉን ዐውቀዋለሁ» አልኩት።

መፍቻውን አንሥቶ ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ኤያል ሥራውን ፈረመ። ሰሌዳ አልመጣም። ሲጻፍላቸው በጣም ትሑት መልስ ይመጣል፤ ሰሌዳ ግን አይመጣም። ክረምቱ ሲገባ ማሽኖቹ አንዱ በአንዱ ላይ ቆሙ። እኔና ያሻ ከሞተው እየነቀልን ላልሞተው ስንተክል ከረምን። አልሆነም። ሹራቡ በጊዜው ስላልደረሰ አሠሪዎቹ ውሉን አፈረሱ፤ ኤያልም ያን ክፍል ዘጋው። ሴቶቹ ተሰናበቱ። ወርቂቱም ከእነሱ ጋር ተሰናበተች። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ በጠረጴዛዬ በኩል ስታልፍ ቆም አለች።

«ምነው ዘነበች፣ ዝም ብለሽ ዕብራይስጥሽን በያዝሽ» አለችኝ።

ክፉ አልተናገረችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም።

ነገሩ የተገለጠልኝ ግን ከዚያም በኋላ ነው። ሁለተኛውን የመማሪያ መጽሐፍ ጀምሬ ነበር። መጨረሻው አካባቢ፣ ከገጹ ግርጌ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይህ ተጽፏል፤ ጃፓኖች ፊት ለፊት እምቢ ማለት አይወዱም፤ በሥራ ቦታ «ይከብዳል» እና «እንመረምረዋለን» ሲሉ ብዙውን ጊዜ አይሆንም ማለታቸው ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ! በግርጌ! በሳጥን! የታናካን ጃንጥላ በመጀመሪያው ገጽ አስቀምጦ ይህን እዚያ ድረስ መደበቅ ምን ይሉታል? መጽሐፉን ዘግቼ ወለሉ ላይ ጣልኩት።

ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን መጽሐፉ አይደለም። ይህን ነገር እኔ ከልጅነቴ ዐውቀዋለሁ። እኅቴን ሊያጩ ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ መጥተው ነበር። አባቴ አልወደዳቸውም። ያላቸው ግን «እስቲ ከዘመድ እንምከርበት» ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ አመስግነው ተነሡ፤ በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ። መቼ እንመለስ ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሉም ገብቶታል። እኔ የዚያ ሰው ልጅ ነኝ። እዚህ አገር ግን እምቢ ሲሉሽ እምቢ ነው፤ ፊትሽ ላይ ነው የሚሉሽ። ጆሮዬ እሱን ለምዶ ኖሯል። አማርኛዬን ጠረጴዛ ሥር ትቼ፣ በዕብራይስጥ ጆሮ ጃፓንኛ ሰማሁ።

ያሻ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር አግዳሚ ላይ ስለሚቀመጥ እዚያ ሄጄ አገኘሁት። በሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ነገርኩት፤ ከእንግዲህ በቃኝ፣ መጽሐፉን አልከፍትም አልኩት። ስለ ሞሪ ፊት ነግሬሽ ነበር አላለኝም። የያዘውን የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ሰማኝና «ብሎን ቢጠፋብሽ ጠረጴዛውን ትጥይዋለሽ?» አለኝ። መጽሐፉን ይዘሽው እንደሆነ አንብቢልኝ አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እሱ አንዲት ቃል አይሰማም፤ እኔ አነበብኩ። ስደናቀፍ ጣቱን እያነሣ እንደገና አስባለኝ። የሚመላለሰው ሰው ቆም እያለ ያየን ነበር። ሳልደናቀፍ እስክጨርስ አልለቀቀኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ሄጄ አነብለት ነበር።

ፋብሪካው ሲሸጥ ሁለቱን የጃፓን ማሽኖች ፍሎራ የምትባል የሞሮኮ ተወላጅ ገዛቻቸው። የልጆች ሹራብና የሕፃን ብርድ ልብስ የምትሠራበት ትንሽ ቤት ነበራት። ማሽኖቹን ስትጭን ይህችንም ጫኑልኝ ብላ እኔን ወሰደችኝ። ፍሎራ ትጮኻለች፣ ትስቃለች፣ መልሳ ትጮኻለች። የሥራ ዘመኔ መጨረሻ እዚያ አለፈ። ክር የሚቋጥር ሰው ሲያስፈልገን ወርቂቱ ቤት ሄድኩና ነይ አልኳት። ሻይ አቀረበችልኝ፤ ስለ ልጆች ተጨዋወትን። ስነሣ «እስቲ ላስብበት» አለችኝ። ዳግመኛ አልጠየቅኋትም።

ጡረታዬ ሲቃረብ ካሉን ከሁለቱ የአንዱ ማሽን ሰሌዳ ተቃጠለ። ፍሎራ ግማሽ ሥራዋ እዚያ ላይ ነው፤ ሌላ ማሽን የመግዛት አቅም የላትም። አትጩኺ አልኳትና ጃፓን ለሞሪ ደወልኩ። ያኔ የቢሮ ሰው ሆኖ ነበር። አስታወሰኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ጤናው ጠየቅሁት፤ ስለ ዝናቡም አነሣን። ከዚያ ስለ ሰሌዳው ነገርኩት። አየር በጥርሱ ሲስብ በስልክ ተሰማኝ። «ሙዙካሺይ ዴስ ኔ» አለ። «ኬንቶ ሺማስ» አለ።

ፍሎራ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ምን አለ?» አለችኝ።

«እምቢ» አልኳት።

መልሼ አልለመንኩትም። ብለምነው ደግሞ ትሑት መልስ ይመጣል፤ በዚያው ያበቃል። አባቴን የሚያውቁ ሰዎች እንዴት ያደርጉ እንደነበር አሰብኩ። እነሱ እምቢ ያለውን ሰው ትተው ምክሩን ይጠይቁት ነበር። እኔም ቀስ ብዬ፣ ኩባንያችሁን ላስቸግር አልፈልግም፤ ግን አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ማንን ትጠይቅ ነበር አልኩት። ሞሪ ሳቀ። ከእነሱ ዘንድ ጡረታ የወጣ ኦካዳ የሚባል ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ አሮጌ ሰሌዳ እንደሚጠግን ነገረኝ፤ ስልኩንም ሰጠኝ። ይህን እኔ አልነገርኩሽም አለ።

ለኦካዳ ደወልኩ። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ። ኦካዳ የሚናገረው የተወለደበትን የባሕር ጠረፍ አገር ዘዬ ነው። ግሡን መጨረሻ ላይ ይቆርጠዋል፤ ሌላ ጭራ ይቀጥልበታል። ይህን ያህል ዓመት ያጠናሁት ታናካ እንዲህ አይናገርም። ሦስት ጊዜ ይቅርታ ብዬ አስደገምኩት። እሱም እየተነጫነጨ ደገመልኝ። በመጨረሻ ላኪው አለኝ፤ ቢያንስ የገባኝ እሱ ነው። ሰሌዳውን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለን ላክነው።

ተመልሶ ሲመጣ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ ብሎኑን ደርድሬ አስገባሁት። ማሽኑ ሠራ። ፍሎራ ጮኸች፣ ሳቀች፤ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ። ላመሰግነው ለኦካዳ ደወልኩ። በጥሩ ግሥ፣ በአንቱታው፣ አለ የተባለውን የምስጋና ቃል ሁሉ ደረደርኩለት። እሱ አቋረጠኝና ስልኩን ማሽኑ አጠገብ አድርጊው አለኝ። አደረግሁት። ማሽኑ ወዲያ ወዲህ እያለ ይሠራል፤ ኦካዳ ከወዲያ ይሰማል።

ከዚያ «አቡራ ኪሬቶሩ ዴ» አለ።

የፊቱን ቃል ስለዋጠው ጆሮዬ የያዘው «ኪሬ»ን ብቻ ነው፤ «ኪሬ» መቆረጥ ነው። ደነገጥሁ። ምን ተቆረጠ? ክር አየሁ፣ ደህና ነው። ቀበቶ አየሁ፣ ደህና ነው። የተቆረጠ የለም አልኩት። ደገመው። አልገባኝም። እንደገና ደገመው፤ እኔም እንደገና አልገባኝም አልኩ። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሰና እንደ መማሪያው መጽሐፍ፣ ለትምህርት ቤት ልጅ እንደሚናገር፣ ቃል በቃል እየለየ ነገረኝ። ዘይት ነው ያለው። ዘይቱ አልቋል፤ በግራ በኩል። በእነሱ አገር ዘይትም ይቆረጣል! ይህን የትኛው መጽሐፍ ጻፈው?

የግራውን ክዳን ከፈትኩ። ወዲያ ወዲህ የሚመላለሰው ክፍል የሚሄድበት ሐዲድ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ዘይት ቀብቼ ዘጋሁትና ስልኩን መልሼ አስጠጋሁለት።

ጥቂት ሰማ። «አሁን ደህና ነው» አለና ዘጋው።